መሰንቆ ብቻ ያለበት ካሴት

ባለፈው ጥር፣ የገና እንግዳ ወደየአገሩ ከተበተነ በኋላ፣ የተረፈኝን ሸቀጥ ልሸክፍ ከሱቄ ጀርባ ያለውን ዕቃ ቤት ስከፍት ብርድ ልብሶቼ ግድግዳ ላይ ተቸንክረው አገኘኋቸው። ነብር የተሳለበት፣ ጽጌረዳ የተሳለበት፣ አንበሳ ነኝ ብሎ ድመት የሚመስል የተሳለበት፣ ሁሉም ከፕላስቲኩ ወጥቶ፣ ሁሉም በምስማር። በእግሩ የመጣ ምእመን የላሊበላ ሌሊት አጥንቱን ሲያገኘው ሳይከራከር የሚገዛኝ ብርድ ልብስ ነው ይኼ። መሀል ወለሉ ላይ ልጄ እመቤት ጆሮዋን በጥቁር ማዳመጫ ለጉማ፣ ላፕቶፗን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ማሚቶውን ለመግደል ነው፣ አባዬ።»

«በዚህ አገር? አቡነ ዮሴፍን ተራራም ብርድ ልብስ አልብሺዋ!»

አልሳቀችም። ባሕር ዳር ተምራ ከመጣች ወዲህ በእኔ ቀልድ አትስቅም። እኔም የምጮህበትን እያዘጋጀሁ ሳለ ሽታው አፍንጫዬን ያዘኝ። አዲስ ብርድ ልብስ ናፍታ ናፍታ ይሸታል፤ ከታች ደግሞ የአሮጌ ጭቃና የገብስ ገለባ ሽታ አለ፤ ክፍሉ ሱቅ ሳይሆን በፊት እህል ነበረበትና። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ጩኸቴን ረሳሁት። እኔ ይህን ሽታ አውቀዋለሁ። የጥጋቡ እናት ጎተራ ነው። ጥጋቡን ደግሞ በእኛ ዕድሜ ያለ የላስታ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ለማያውቀው፣ ጓደኛዬ ነው፣ መሰንቆ መቺ ነው፣ ነገሩ ሁሉ የሚጀምረውም የሚያልቀውም እሱ ላይ ነው።

ያን ጊዜ ሱቅ የምለው የቅዳሜ ገበያ መግቢያ ላይ፣ ከጠጅ ቤቱ ጥግ የተለጠፈች የቆርቆሮ ሳጥን ነበረች። ቆሜ ከውስጥ፣ ገዢው ቆሞ ከውጭ። ክብሪት፣ ምላጭ፣ ኮንጎ ጫማ፣ መርፌ፣ የሴት ሻሽና ባትሪ ድንጋይ እሸጥ ነበር፤ ከሁሉም በላይ ግን ካሴት። ባዶ ካሴት የአንድ ዶሮ ዋጋ ነበር፤ የተሞላ ካሴት ደግሞ የዶሮዋና የእንቁላሎቿ። ዛሬ ካሴቱም የለ፣ ዶሮዋንም የሚደፍራት የለ። ሱሪያችን ከታች የሰፋ፣ ከላይ ትንፋሽ የሚከለክል ነበር። ፀጉራችን ለማበጠሪያው ቤት ሆኖ፣ ማበጠሪያው ውሎ አዳሩ እዚያው ላይ ነው። ከሱቄ ቴፕ ዘፈን ሲወጣ ከግዳንና ከቡግና ለገበያ የወረደው ሰው አህያውን አቁሞ ያዳምጣል፤ አህያዋም ታዳምጣለች፤ ማንም አይገዛም። አዳማጭ ገዢ አለመሆኑን የተማርኩት እዚያች ሳጥን ውስጥ ነው።

ጥጋቡ ሠርግም፣ ክርስትናም፣ ጠጅ ቤትም ይጠራ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጠላውን እንደ ባለሥልጣን የሚያጣፋ፣ አፉ እንደ ምላጭ። እንግዳው ግጥም ሲሰጠው «እሺ ጌታዬ» ብሎ ይቀበልና በዜማ አስጊጦ ይመልሳል፤ ሰጪው የራሱን ግጥም መልሶ ሲሰማው ሌላ ሰው የሆነ ይመስለዋል፤ ኪሱም ይላላል። «የገበያ መልስ» የምንላት አንዲት ዜማ ነበረችው። ከአባቱ የወረሳት ናት፣ አባቱ ከማን እንደወረሳት አይታወቅም። ከገበያ ወደ ቤት በሚወጣ ሰው እርምጃ ነው የምትሄደው፤ ዳገቱ ጋ ትዘገያለች፣ ሜዳው ጋ ትፈጥናለች፣ ምንጭ ጋ ቆማ ውኃ ትጠጣለች። ሌሎች አዝማሪዎች ሞክረዋታል። እነሱ ሲመቷት የጠፋበትን በግ የሚፈልግ ሰው እርምጃ ትሆናለች።

ይህችን ዜማ በካሴት ልናወጣ ተነሣን። ችግሩ፣ ቴፑ አንድ ጆሮ ነው ያለው፤ መሰንቆዋ ጥጋቡ ደረት ላይ ስለምትቀመጥ ድምፁን ትበላበታለች። ቴፑን ወደ አፉ ብናስጠጋ ደግሞ መሰንቆዋ ጎረቤት ትሄዳለች። በኋላ ዘዴ መጣልኝ። ከጤና ጣቢያው ድሬሰር ሌላ ቴፕ ተዋስኩ። መጀመሪያ መሰንቆውን ብቻ በአንዱ ቴፕ ቀዳን፤ ቀጥሎ እሱን እያጫወትን ጥጋቡ ከላዩ ሲዘፍን በሁለተኛው ቴፕ ሁለቱንም ቀዳን። እመቤት ዛሬ «ትራክ» ትለዋለች፣ ኢንተርኔት ላይ ፈረንጅ ያስተማራት ይመስላታል። እኛ ስሙን አናውቀውም፣ ሠራነው እንጂ።

የቀዳነው በነሐሴ ነው፣ በጎተራ ውስጥ። ጎተራው በነሐሴ ባዶ ነው፤ ውስጡ በጭቃና በእበት የተለሰነ፣ ክብ፣ ድምፅ ስትሰጠው አሙቆ አለስልሶ የሚመልስልህ። ጥጋቡን በክዳኑ በኩል በመሰላል አወረድነው፤ ቴፑን በገመድ አስከተልን። ዝናቡ እንዳይሰማ ክዳኑን መልሰን የእናቱን ብርድ ልብስ ደረብንበት። እናቱ ደጅ ቆመው «ልጄን እህል አደረጋችሁት!» እያሉ ያማትባሉ። ከውስጥ ደግሞ ጥጋቡ፣ «እማዬ፣ ቁንጫው ነው እህል ያደረገኝ» ይላል። መሰንቆውን የቀዳነው ባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ነበርና፣ ለዘፈኑ አዲስ ባትሪ ስናስገባ መሰንቆው እንደ ተባረረ ሚዳቋ ይሮጥ ጀመር፤ ቅኝቱም ከጣሪያ በላይ ወጣ። ጥጋቡ ጎተራ ውስጥ ሆኖ ሲያሳድደው፣ ሲያሳድደው፣ በመጨረሻ የገዛ መሰንቆውን «ምን አጣደፈህ፣ ማን መጣብህ?» ብሎ ሲሰድበው እኔ ጭቃው ላይ ተንከባለልኩ። እንደገና ሠራነው። ያረጁትን ድንጋዮች ፀሐይ ላይ አስጥተን፣ በጥርሳችን ነክሰን አነቃንና በእነሱው ጨረስነው። የሚከተለው ግጥም ያለበት ነው፤ የሸጥኩትም እሱን ነው፤

ጨውም ሸጥኩ በርበሬ ገበያ ወጥቼ፣
ባዶ እጄን ተመለስኩ አንቺን ብቻ አጥቼ።

መሀል ላይ የእናቱ ዶሮ ይጮሃል። ሰው ዶሮውንም ወደደው። አንድ የኩልመስክ ሰው «ዶሮው ያለበትን ስጠኝ» እያለ ነበር የሚጠይቀኝ።

አሁን የሚያስጠላው ይመጣል። አንድ ቅዳሜ እኔ ወደ ኩልመስክ ሄጄ ሱቄን ጥጋቡ ይጠብቅልኝ ነበር። አንድ የከተማ ሰው መጣ፤ ጥርሱ ወርቅ፣ መነጽሩ ጥቁር፣ ሸሚዙ ላይ የዘንባባ ዛፍ። ካሴታችንን አዳመጠና፣ ጥጋቡ እንደነገረኝ፣ ዘፈኑን አልፈለገውም። «ድምፅ የሌለበት የለህም? መሰንቆ ብቻ?» አለ። ነበር፤ የመጀመሪያው ካሴት፣ መደርደሪያው ጥግ አቧራ ለብሶ። ጥጋቡ ሳቀበት። ለአዝማሪ መሰንቆ ብቻውን ምንድን ነው? ባለቤቱ የሌለበት ኮት ነው። መሰንቆ ድምፁን ይከተላል እንጂ ለብቻው ንግግር የለውም። ጥጋቡ ዘፈን ያለበትን ካሴት አንዲት ሳንቲም እንኳ ሳይቀንስ ሸጠለትና፣ ባዶ ነው ያለውን፣ መሰንቆ ብቻ ያለበትን፣ በምርቃት ሰጠው። ስመለስ እየሳቀ ነገረኝ፤ «ይኼ ከተሜ እኮ ፍሬው በእጁ እያለ ለቅርፊቱ ሲስገበገብ ሄደ።» እኔም አብሬው ሳቅኩ። ማን ያልሳቀ አለ?

ወራት አለፉ። ሁለታችን ከጋሸና ወደ ላሊበላ በአውቶቡስ እየመጣን፣ እኔ የሳሙና ካርቶን ጭኜ፣ እሱ መሰንቆውን ታቅፎ፣ ሹፌሩ ካሴት ቀየረ። «የገበያ መልስ» ናት። ዳገቱ ጋ የምትዘገየው የጥጋቡ እጅ፣ ምንጩ ጋ የሚቆመው የጥጋቡ ደጋን። ከላዩ ግን ከሠርግ ቤት ያመለጠ የሚመስል የማናውቀው ሰው ስለ ዓይንና ስለ ወገብ ይጮሃል፤ ከሥሩ ደግሞ የማሽን ከበሮ ዱም ታክ፣ ዱም ታክ። ዜማዋ ውኃ ልትጠጣ ስትቆም ከበሮው አይቆምላትም፤ ከኋላ ይገፋታል። ተሳፋሪው በትከሻው ይወዛወዛል።

«ሲሳይ፣ ያ እጄ እኮ ነው» አለኝ ጥጋቡ በቀስታ።

ከዚያ ሹፌሩን አውርደኝ አለው። ሹፌሩ «አባቴ፣ እዚህ ምንም የለም» ቢለው፣ «እኔስ ምን አለኝ?» ብሎ ወረደ። በእግሩ መጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም ድምፁን ቀድቶ አያውቅም። ፈረንጅ ካሜራ ሲያወጣ ጀርባውን ይሰጣል። ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ሰው ማሽኑን ሲከፍት ጥጋቡ ሆዱን ያመዋል። ስልክ የሚባል ነገር ከመጣ ወዲህ ሠርግ ላይ አንድ ስልክ ወደ እሱ ከዞረ መሰንቆውን ቁልቁል ይደፋል። ለሞያተኛ ሰው ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም። እኔም ካሴት ለመሸጥ የነበረኝ ፍቅር ከዚያ አውቶቡስ ላይ ወረደ፤ ብርድ ልብስ ይሻላል፣ ማንም ብርድ ልብስ ሰርቆ ከበሮ አይጨምርበትም።

ዛሬማ የሚያቅለሸልሸኝ በዛ። ሆቴሎቹ «የባህል ምሽት» ይላሉ፤ ገብተህ ስታይ ከበሮው ከፍላሽ ዲስክ ነው፣ ዋሽንቱ ከኪቦርድ፣ ጥለት ለብሶ ክራር የታቀፈው ጎረምሳ ደግሞ ክሩን አይነካውም፤ ፎቶ እንዲያምር ነው። ሠርግ ጠርተውህ ጎንህ እንደ ቤት የሚያህል ድምፅ ማጉያ ያቆማሉ፤ የምትበላው ሥጋ ጥርስህ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ዘፋኙ ድምፁ እንደ ሻምፑ ተለሳልሶ፣ ማሽኑ የሳተውን ሁሉ አቃንቶለት፣ ሰው ይሁን ቧንቧ አይለይም። ስለዚህ እመቤት የኔን ብርድ ልብስ ስትቸነክር ምን አስቤ እንደነበር ገምቱት።

እሷ ግን እልኸኛ ናት፤ እናቷን ነው የወጣችው። ሁለት ማይክ፣ ገመዱ ሁሉ የሚሰካባት ትንሽ ቀይ ሳጥን፣ አንድ ማዳመጫ፤ ስቱዲዮዋ ይኸው ነው። ዋሽንት ነፊ አምጥታ ጀመረች። መጀመሪያ ማይኩን አፉ ላይ ደቀነችበት፤ ስናዳምጠው ዋሽንት ሳይሆን ጎማ የሚተነፍስ ሰው ነው። ወደ ጎን አዞረችው፤ ደህና ሆነ፤ ያን ጊዜ ባጃጅ አለፈ። ባጃጁ ሲያልፍ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ተከፈተ። እሱ ሲያበቃ ያልተሰማ ነገር ይሰማ ጀመር፤ የኔ ፍሪጅ። «አባዬ፣ ይጥፋ» አለች። አጠፋሁት። ዋሽንቱ ሲያምር ቅቤዬ ቀለጠ። ፍሪጁ በጠፋ ማግሥት ደግሞ መብራቱ ራሱ ሄደ፤ «ፀጥ አለልሽ፣ ቅጂ» አልኳት። ላፕቶፗ ባትሪ አልነበረውም። የአሁኑን ባትሪ ደግሞ ፀሐይ ላይ አታሰጣው፣ በጥርስህ አትነክሰው።

ነገሩ እንዲህ በቀልድ በቀረ ነበር፤ ግን በጥር መጨረሻ ጥጋቡ ሱቄ መጥቶ ተቀመጠ። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ እየሰከነ ነበር። በዐቢይ ጾም መግቢያ ገነተ ማርያም ሄዶ ሊመነኩስ ቆርጧል። ቆብ የደፋ ሰው ደግሞ መሰንቆ አይነካም፤ ያ አልቋል። እኔ ደስ አለኝም አዘንኩም፤ የተናገርኩት ግን፣ «አንተ መንነህ ማንን ልትሰድብ ነው?» የሚል ነበር።

«አንተን በሐሳቤ» አለኝ።

እመቤት ከመደርደሪያው ኋላ ሰምታለች። ማታ እራት ላይ ጀመረችኝ። «የገበያ መልስ»ን በትክክል የሚመታ ከሱ ሌላ የለም፤ የሸጥናቸውን ካሴቶች ጊዜ በልቷቸዋል፣ የኔኑ ቅጂ ራሱ ቴፑ አላምጦ ነው የተፋልኝ። ጾሙ ከገባ ዜማዋ ከነጥጋቡ ቆብ ሥር ትገባለች። «አንተ ብትለምነው እሺ ይላል» አለችኝ። እኔ ደግሞ ያን የአውቶቡስ ዘፈን እንደ መጨረሻ ቃሉ አድርጎ ሊሄድ መሆኑ አንገሸገሸኝ። በዚህ ዓለም ስለ እጁ የሚቀረው፣ ዱም ታክ የሚገፋው ያ ቆሻሻ ብቻ ሊሆን ነው። ስለዚህ ለመንኩት። መሬቱን በበትሩ ጫረና፣

«ከመሰንቆዬ አልለይም» አለ። «እኔ ለብቻ፣ እሷ ለብቻ አልቀዳም። አንዴ ተለይተን አይተነዋል።»

«እሺ።»

«ልጅቷ ትማል።»

እመቤትን ጠራናት። መሐላውን ትታ ሙያ ልታስተምረው ተቀመጠች። «አያ ጥጋቡ፣ እንዲያው ቢያስቡት፣ መጀመሪያ መሰንቆውን ለብቻ ከቀዳን ጥራት ይኖረዋል፤ ድምፅዎን ቀጥሎ እንጨምራለን። ስሕተት ቢኖር አንዱን ብቻ...»

ጥጋቡ ወደ እኔ ዞረ። «ያ የወርቅ ጥርሱ ሰውዬ ልጁን ላንተ ነው እንዴ የሰጠህ?»

ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ለሙከራ ያህል፣ ከዚያ በኋላ እንደሚጠፋ በቤተ ማርያም ምላለት፣ በእሷ መንገድ አንዴ ተሞከረ። የቅበላ ሰሞን ነበር፤ ከተማው ሥጋ ሥጋ ይሸታል፣ ሁሉም ጾሙ ሳይደርስበት ሊጨርስ ይጣደፋል። ጥጋቡን ብርድ ልብሶቹ መሀል አስቀመጠችው፤ ከኋላው ነብር፣ ከጎኑ ጽጌረዳ። ደጋኑን በሙጫ አሸ፣ ቃኘ። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገችለት፤ በውስጡ ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ የሚል አለ፣ እሱን ተከትሎ እንዲመታ። ጀመረ። ሜዳው ጋ ደህና ሄዱ። ዳገቱ ጋ ጥጋቡ ዘገየ፤ ቲክቲኩ አልዘገየም። ጥጋቡ ቆሞ ጠበቀው። አልቆመም። እንደገና ሞከረ። ምንጩ ጋ ሲደርስ ደጋኑን አንሥቶ፣

«ይኼ ሰውዬ አይሰማም!» አለ። «እኔ ውኃ ስጠጣ ጥሎኝ ይሄዳል። ምን ዓይነት የመንገድ ጓደኛ ነው?»

«ሰው አይደለም፣ አያ ጥጋቡ፣ ሰዓት ነው።»

«ከሰዓት ጋር ምን አዘፈነኝ!»

ቲክቲኩ ወጣ። ቀጥሎ ደግሞ አፉ አስቸገረ። መሰንቆውን ብቻ ሲመታ ከንፈሩ ይዘፍናል፤ እሱ አያውቀውም። እመቤት በትሕትና «አፍዎን...» አለችው። ዘጋው። አፉ ሲዘጋ እጁም ተዘጋ፤ መሰንቆው እንደ በር ማጠፊያ ይንቋረር ጀመር። በነጠላው አፉን አሰረ፤ ባሰ። ፈታው። እንባው የመጣ መሰለኝ፤ እሱ ግን የነብሩን ብርድ ልብስ እያየ «ይኼ እንስሳ ከገባሁ ጀምሮ ያፈጥብኛል» አለ። ከዚያ ተነሣ። ነጠላውን አጣፋ። ሊሄድ ነው። ከሄደ ቀጥሎ ያለው ጾም ነው፣ ከጾሙ በኋላ ሌላ ሰው ነው።

ያኔ ነው እኔ የተናደድኩት፤ በልጄ አይደለም፣ በጥጋቡም አይደለም፣ ክፍሉ ውስጥ በጎደለው ነገር። አዝማሪ ከብርድ ልብስ ጋር አይዘፍንም። ግጥም የሚሰጠው ሰው ይፈልጋል። ዕቃ የምደረድርበትን በርጩማ ስቤ ፊቱ ተቀመጥኩና፣ እንደ ድሮው እንደ ጠጅ ቤቱ ጭኔን መትቼ ጮህኩበት፤

«ተቀበል!»

ጥጋቡ በሩ ላይ ቆመ። ጀርባው ሲቀና አየሁት። «እሺ ጌታዬ» አለ፣ ልማድ ነውና፣ ሳያስበው። ተመልሶ ተቀመጠ። እኔ ግጥም አዋቂ አይደለሁም፤ ለጠጅ ቤት የሚበቃ ያህል እንጂ። የመጣልኝን ሰጠሁት፤

ቆቡን ደፍተህ አንተ ለነፍስህ ስታድር፣
መሰንቆህ ተሰቅሎ ከማን ይነጋገር?

ተቀበለው። የመጀመሪያውን ስንኝ መለሰው፤ ሁለተኛው ላይ «ከማን» ሲል ቃሉ አልቆ ድምፁ ቀረ፤ ማንጎራጎር ሆነ። መሰንቆውም እዚያው ቅኝት ላይ አገኘው። ሁለቱ አንድ ላይ ዳገቱን ወጡ፣ ዘገዩ፣ ምንጩ ጋ ቆሙ። እኔ በጭኔ፣ በእግሬ፣ በጉንፋኔ እከተላለሁ። ደጅ ባጃጅ ጡሩምባ ነፋ፣ ማንም ዞር አላለም። እመቤት መቼ ማሽኑን እንዳስነሣች አላወቅንም፤ ሁለቱን ማይኮች አንዱን ወደ አፉ፣ አንዱን ወደ መሰንቆው አቅንታ ማዳመጫዋን ይዛ ግድግዳው ጥግ ተለጥፋለች። ሌላ ግጥም ሰጠሁት፣ ተቀበለ፤ ሰደብኩት፣ ሰደበኝ። «ብርድ ልብስ ሻጭ» አለኝ በዜማ፣ «ለበረደው ሳይሆን ለከፈለው የምታለብስ።» ሲጨርስ ደጋኑን ጭኑ ላይ አጋደመ።

እመቤት አዳምጣ ራሷን ያዘች። «ምኑም አይለይም! መሰንቆው በድምፁ ማይክ ገብቷል፣ ድምፁ በመሰንቆው ማይክ፣ አባዬ ደግሞ በሁለቱም ውስጥ ይስላል። አንዱን ላርም ብል ሌላው አብሮ ይመጣል።»

«አብሮ ይመጣል?» አለ ጥጋቡ።

«አዎ፣ አያ። ተጣብቋል። ምንም ማድረግ አይቻልም።»

«ማንም?»

«ማንም።»

እንደዚያ ቀን ያለ የፊት ብርሃን ጎተራ ውስጥ ከወረደበት ጊዜ ወዲህ አላየሁበትም። መሰንቆውን ከግድግዳው ላይ ምስማር መርጦ፣ አንዱን ጽጌረዳዬን አውርዶ ሰቀለው። «አትሽጠው» አለኝ። ሱቄ ውስጥ ያለው ሁሉ ይሸጣል፤ ፈረንጅ ሲጠይቀኝ «የማይሸጥ ነው» ስል እስካሁን አፌን ያመኛል። ጾሙ ሲገባ ገነተ ማርያም ሄደ፤ አባ ወልደ ማርያም ተባለ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢቆም ጥሩ ነበር። ዘመኑ ግን ጥሩ ነገር ላይ የሚያቆም ዘመን አይደለም። የጾሙ ሁለተኛ ሳምንት ላይ እመቤት ስልኳን ይዛ መጣች፤ ፊቷ ልክ አይደለም። አንድ ፕሮግራም አለ አለችኝ፤ የተቀላቀለ ዘፈን ትሰጠዋለህ፣ ድምፁን ወደዚህ፣ መሣሪያውን ወደዚያ ለይቶ ይመልስልሃል። አንዴ በጣትህ ትነካዋለህ፣ አለቀ። ጎረምሶቹ ሁሉ ይጠቀሙበታል። «ማንም አይችልም ብዬ ነግሬው ነበር» አለች፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። ምን ያህል እንደሚያስጠላ ልነግራችሁ አልችልም። ያ ወርቅ ጥርስ ቢያንስ አንድ ቀን መንገድ መጥቶ፣ አቧራ በልቶ፣ ጥጋቡን ዓይኑን እያየ ነው የወሰደበት። አሁን ሌባው አልጋው ላይ ተኝቶ፣ አንድ ጣቱን ብቻ አንቀሳቅሶ ሰውን ከእጁ ይለየዋል።

«ሞክሪው» አልኳት። ማወቅ ነበረብኝ። ሸቀጡ መበላሸቱን ሳያይ የሚሸጥ ነጋዴ አይደለሁም።

ነካችው። ማሽኑ ትንሽ አሰበ። መጀመሪያ «ድምፅ» ያለውን ከፈተችው። ጥጋቡ መጣ፤ መሰንቆውም አብሮ መጣ። አንድም አልጎደለም። ጉርምርምታው፣ ዳገቱ፣ ምንጩ ጋ የሚቆመው ደጋን፣ ሁሉም የሰው ድምፅ ነው ተብሎ ሰው ጋ ተቀምጧል። እመቤት ተገረመች፤ ድጋሚ አስኬደችው፤ ያው። ማሽኑ መሰንቆ የሚባል አያውቅም፣ የሚያለቅስ ሰው መስሎታል። ቀጥላ «መሣሪያ» ያለውን ከፈተችው። እዚያ ያለው የባጃጁ ጡሩምባ፣ ጭኔን የመታሁት፣ እግሬና ሳሌ ነው።

«በሚቀጥለው ዓመት ያሻሽሉታል፣ አባዬ» አለችኝ። ያሻሽሉታል፤ እሱን አልጠራጠርም። ለበጎ ነገር ያን ያህል አይተጉም።

በማግሥቱ ባጃጅ ተኮናትሬ ገነተ ማርያም ወጣሁ። ከዓለት ከተፈለፈለችው ቤተ ክርስቲያን በላይ ካለች ትንሽ ጎጆ ደጃፍ ላይ ቢጫ ቀሚስ ለብሶ ተቀምጦ አገኘሁት። አርባ ዓመት «አንተ» ያልኩትን ሰው «እርስዎ» ማለት ምላሴን እንደ አዲስ ጫማ ላጠው። መስቀል የለውም እንጂ ልሳለም ሁሉ ነበር። ስለ ጤናው ጠየቅኩ፣ ስለ ገበያው ጠየቀኝ። ከዚያ ሌላ ሰው አለመኖሩን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ተለየ?»

«አልተለየም፣ አባ። የሚለይ ማሽን መጥቶ ነበር፤ ሞከርነው። መሰንቆዎን ሰው ነው ብሎ ከእርስዎ ጋር አስቀመጠው።»

ቀኝ እጁ ጉልበቱ ላይ፣ ሳያውቀው፣ ወዲያና ወዲህ ይል ነበር።

«አንተንስ የት አደረገህ?»

«ከዕቃው ጋር።»

ጾም ነው፣ መነኩሴ ነው፣ ሳቅ አይገባም። ነጠላውን አፉ ላይ ጎትቶ ትከሻው ሲርገፈገፍ አየሁት። ሲሰክን ነጠላውን አውርዶ፣ እንደ ጠጅ ቤቱ ዘመን በአንድ ዓይኑ አየኝ።

«እሱንስ አወቀ» አለኝ።